ከኮቪድ በኋላ ያልለቀቀ ሕመም፦ በሽታው ነው ወይስ ክትባቱ? ቤተሰቡስ እንዴት ያስታምም?

ጥያቄ፦ ታናሽ እኅት

ታላቅ እኅቴ ኮቪድ ይዟት ከአልጋ ከተነሣች በኋላ ወደ ቀድሞ ጤናዋ አልተመለሰችም። ትንሽ ተሻላት ስንል ሁለተኛውን ዙር ክትባት ወሰደች፤ ከዚያ ወዲህ ድካሙ ባሰባት፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ስትል ልቧ በኃይል ይመታል፣ የጀመረችውንም ወሬ ሳትጨርስ ምን ልትል እንደነበር ይጠፋባታል። ያየናቸው ሐኪሞች የደም፣ የሳንባና የልብ ምርመራ አዘውላት ሁሉም «ደኅና ነው» ተብሎ ተመልሷል።

ከሕመሙ ባልተናነሰ ያስቸገረን የቤታችን ክርክር ነው። አባታችን የጎዳት ክትባቱ ነው ብለው እኛም ዳግመኛ እንዳንከተብ ይከለክላሉ፤ ባሏ ደግሞ ክትባቱን መጠርጠር ራሱ አላዋቂነት ነው ይላል፤ ምርመራው ንጹሕ ከሆነ ጭንቀት እንጂ ሌላ አይደለም የሚሉ ዘመዶችም አሉ። እርሷ በመካከል ሆና ስለ ሕመሟ መናገሩን ትታዋለች። መንሥኤውን መለየት ይቻላል? ካልተቻለስ እንዴት እናስታምማት? ሌላ ዙር ክትባት ቢመጣ ትውሰድ ወይስ ይቅርባት?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ከዘመዶችዎ ልጀምር። የተራዘመ ኮቪድን፣ ማለትም ከኮቪድ በኋላ ለወራት የማይለቀውን ሕመም፣ ለይቶ የሚያሳይ አንድ የደም ምርመራ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ሐኪሙ የሚመለከተው፣ ኮቪድ ከያዘ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ሲሆነው የሚታዩ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆዩና በሌላ በሽታ ሊብራሩ የማይችሉ ምልክቶች መኖራቸውን ነው። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የስኳርና የልብ ምርመራ የሚታዘዘውም ያንን «ሌላ በሽታ» ለማግለል ስለሆነ፣ ውጤቱ ንጹሕ መሆኑ እኅትዎ እንዳልታመመች አያረጋግጥም።

ስትነሣ ልቧ መምታቱን በተመለከተ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የተለመደው የልብ ምርመራ የሚደረገው በሽተኛው ተጋድሞ ስለሆነ፣ በመቆም ብቻ የሚመጣውን ችግር ሊያሳይ አይችልም። ተጋድማ ካረፈች በኋላ የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ይለካ፤ ከዚያም ቆማ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ በየጊዜው ይለካ። ግፊቷ ሳይወርድ ምቷ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ «ፖትስ» የሚባለው ሁኔታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከኮቪድ በኋላ በተደጋጋሚ የሚታይና በፈሳሽ፣ ሐኪም በፈቀደው መጠን ጨው በመጨመር፣ እግር በሚያጠብቅ ካልሲና አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒት የሚረዳ ነው። ምርመራው ሲደረግ ራሷን ስታ እንዳትወድቅ ሰው አጠገቧ ይቁም።

ወደ ክትባቱ ስመጣ፣ በሚገባ የታወቁት ጉዳቶች እያንዳንዳቸው የሚታዩበት የጊዜ ገደብ አላቸው። የክንድ ሕመምና ትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል፤ ከባድ አለርጂ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል። ከፋይዘርና ከሞደርና ክትባቶች ጋር የተያያዘው የልብ ጡንቻ መቆጣት እጅግ ጥቂት ሰዎችን፣ ይልቁንም ወጣት ወንዶችን፣ በአብዛኛው ከሁለተኛው ዙር በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚያገኝ ነው። በአስትራዜኔካና በጆንሰን ክትባቶች የታየው ከፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ የደም ሕዋሳት) ማነስ ጋር የሚመጣ የደም መርጋት ደግሞ በብዛት በ3 ሳምንት ውስጥ ይታያል። ከዚህ ውጪ ከክትባት በኋላ ለወራት የሚዘልቅ ድካምና የአእምሮ ጭጋግ (የመርሳትና የሐሳብ መበታተን) እንዳለባቸው የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ጉዳዩን የሚያጠኑ ቢኖሩም፣ ስምምነት የተደረሰበት መለያም ሆነ ምርመራ ግን ገና አልተገኘለትም።

የእኅትዎ ሕመም ከክትባቱ በፊት ስለጀመረ ጅማሬው ክትባቱ ሊሆን አይችልም። አባብሶባት ሊሆን ይችላል? ይችላል፤ የተራዘመ ኮቪድ ካለባቸው ሰዎች መካከል ከተከተቡ በኋላ ባሰብን የሚሉም፣ ተሻለን የሚሉም አሉ፣ ለውጥ ያላዩትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ አባትዎም ባሏም ከሚሉት ከፊሉን ማንሣት ይቻላል፤ ሁለቱም በሚናገሩት እርግጠኝነት ግን አይደለም።

መልስ፦ አስታማሚ ባል

እኔም ይህ በሽታ ያለባትን ባለቤቴን ስለማስታምም ሐኪሙ ያልነኩትን ልጨምር። ይህን በሽታ ከሌላው ድካም የሚለየው፣ የሠሩበት ዋጋ የሚከፈለው ዘግይቶ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት በኋላ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ደኅና በዋለችበት ቀን አንሶላ አጥባ አሰጣች፤ ያን ማታ እንኳ ስትስቅ ነበር። ከማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ግን በመጋረጃው ጠርዝ የሚገባውን ብርሃን መቋቋም አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ቤተሰብ «በርቺ፣ ተንቀሳቀሺ» የሚለው በደኅናው ቀን ስለሆነ ጉዳቱን ከምክሩ ጋር የሚያያይዘው ሰው የለም። ቀስ በቀስ እየጨመሩ የሚሠሩት ስፖርትም እንዲህ ላለው በሽተኛ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ባሕርይ ላለው የረጅም ጊዜ ድካም በሽታ የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ምክር አንሥቷል።

እኛን የረዳን አቅሟ ከማለቁ በፊት ማቆም ነው። መታጠቢያው ውስጥ ወንበር አስገባን፤ ፀጉሯን ስታበጥር ክንዷን አንሥታ መቆየት እንደሚያደክማት ስላየን ያንን እኔ ያዝሁት። ጠያቂ ሲመጣም ጊዜው አጭር እንዲሆን አስቀድሜ እነግራለሁ፤ የሚቀየሙ አልጠፉም፣ ይቀየሙ። በአንድ ደብተር የሠራችውን፣ እንቅልፏንና በማግሥቱ የሆነችውን እንጽፋለን፤ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ቃሉ ሲጠፋባት ደብተሩ ይናገርላታል።

መልስ፦ የታማሚ ወንድም

በመንሥኤው መከራከር ዋጋ የለውም የሚል ሰው ቢመጣ አልስማማም። ታናሽ ወንድሜ ከክትባት በኋላ የደረሰበት የልብ ጡንቻ መቆጣት በሆስፒታል ተረጋግጦ፣ ለወራት ከከባድ ስፖርት ተከልክሎ ድኗል። በዚያ ጊዜ ግማሹ ሰው ውሸት ነው አለው፤ ግማሹ ደግሞ ክትባትን ሁሉ ለማውገዝ መፈክር ሊያደርገው ፈለገ። እርሱ የፈለገው የደረሰበት እንዲመዘገብ ብቻ ነበር። እርስዎም ለክትባት ደኅንነት ክትትል ክፍል ያስመዝግቡ፤ ለማስመዝገብ መንሥኤውን ማረጋገጥ አይጠበቅብዎትም። ካሳ የሚጠየቅበት ሥርዓት ካለም የጊዜ ገደቡን ዛሬውኑ ያጣሩ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የኮቪድ ክትባት ካሳ ማመልከቻ ክትባቱ ከተወሰደ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም

ስለ ቀጣዩ ዙር የጠየቁትን ዘልዬው ነበር። ከቀደመው ዙር በኋላ ከባድ አለርጂ ወይም የልብ ጡንቻ መቆጣት የደረሰበት ሰው ያንኑ ዓይነት ክትባት በአብዛኛው እንዳይደግም ይመከራል። የተራዘመ ኮቪድ ብቻውን ግን ከክትባት አይከለክልም፤ ዳግመኛ በኮቪድ መያዝም ሊያባብሳት ስለሚችል ሁለቱ ከሐኪሟ ጋር ተመዝነው እርሷ ትወስን። የአባትዎ ክልከላ ለጤነኞቹ ልጆች የሚሆን ምክንያት አላየሁበትም።

ጠያቂዋ፦ ታናሽ እኅት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቆማ መለካቱን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘነዋል፤ ደብተሩንም ባሏ ሊጽፍ ተስማምቷል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በእጅ ሰዓት የሚለካው የልብ ምት ለሐኪም ይበቃል?

መልስ፦ አስታማሚ ባል

ለመነሻ ይበቃል፤ የደም ግፊቱን ግን ስለማያሳይ የክንድ መለኪያ ከተገኘ ሁለቱን በተመሳሳይ ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ፤ ተጋድማ ይሁን ቆማ ማመልከት አይረሳ።