ውሃ በቆመበት ማሳ ላይ የደረሰ ሩዝ፦ ልጨደው ወይስ ልጠብቅ?

የርብ ዳር
ሰላም ወገኖች። ማሳው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፣ ከርብ ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ 3 ጥማድ ጥቁር አፈር። ሩዙ ደርሷል፤ ዛላው አንገቱን ደፍቷል፣ ከአስር እጅ ስምንቱ ቢጫ ነው። ግን ህዳር ገብቶም ዝናቡ አልለቀቀንም፤ ማሳው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ቆሟል። ሩብ ያህሉ ተኝቷል፣ ከተኛው ውስጥም ውሃ የነካው ዛላ አለ። 25 ኩንታል ገደማ እጠብቃለሁ።

ደቦ ብጠራ በአንድ ቀን ይነሳል። አጭጄ ልከምረውና ፀሐይ ሲወጣ ልውቃው ወይስ ውሃው እስኪጎድል ልታገስ? ኮምባይነር የሚያከራይ ሰውም «ይገባል፣ አታስብ» ብሎኛል። ከሩዙ በኋላ ሽምብራ ልዘራበት ነው። የምታውቁ አስረዱኝ።

ድህረ ምርት
ወንድሜ፣ አትጠብቅ፤ ግን በአንድ ቀንም አትጨደው። ሁለቱም ያከስርሃል።

መጠበቁ ለምን እንደማይሆን ላስረዳህ። ከአስር ስምንቱ ቢጫ ሲሆን ፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው፤ ማጨጃ ሰዓቱ ይኸው ነው። ከዚህ ካለፈ ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሌሊት ዝናብና ጤዛ ያረጥበዋል። ፍሬው ቆሞ እያለ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ አይታይህም፤ መፈልፈያ ቤት ስትደርስ ግማሹ ክክ ሆኖ ይወጣል። ውሃ የነካው ዛላ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጎነቁላል።

በአንድ ቀን ማጨዱ ለምን እንደማይሆን፦ በእርጥብ ዓመት የምታጭደውን መጠን የሚወስነው የማጭድ ብዛት አይደለም፣ ማስጫ ቦታህ ነው። ያልተፈለፈለ ሩዝ በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሰጣ 1 ካሬ ሜትር ላይ 17 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ለ1 ኩንታል 6 ካሬ ሜትር ያስፈልግሃል፣ ለ25 ኩንታል 150 ካሬ። ያን ያህል ሸራ ከሌለህ አርባ ሰው ደቦ ጠርተህ ያሳጨድከው ሁሉ ክምር ላይ ይጋላል። እርጥብ ነዶ ሲከመር እንደ ብቅል ይሞቃል፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ክንድህን እስከ ክርንህ ብትሰድ ሙቀቱ ይሰማሃል። ሞቆ የዋለ ሩዝ ፍሬው ይወይባል፣ ይህ ደግሞ ታጥቦም ተሰጥቶም አይለቅም። ነጋዴው አንድ እፍኝ አሽቶ ያየውና ዋጋ ይቆርጥብሃል።

ስንት ካሬ ሸራ አለህ?

የርብ ዳር
4 በ5 የሆነ ሁለት ሸራ አለኝ። ቤቱ አጠገብ ጣሪያ ያለው መጋዘን ቢጤም አለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ድህረ ምርት
እንግዲያው 40 ካሬ ነው፤ በአንድ ዙር ወደ 7 ኩንታል ታሰጣለህ። ከአንድ ጥማድ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። ጥሩ ፀሐይ ካለ አንድ ዙር 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል። የመጋዘኑን ወለል ለመጠባበቂያ ያዘው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሸራ ላይ የምታነሳው እህል እዚያ ይበተናል፣ ከአንድ ስንዝር ሳይወፍር፣ በየሰዓቱ እየተገላበጠ። ወደ ማዳበሪያ ከተህ ካሳደርከው ግን ያው ክምር ነው።

አጨዳው ላይ፦ ውሃ ውስጥ ቆመህ ከሥሩ አትጨድ። ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ቁረጥና የቆረጥከውን በቀረው አገዳ ላይ አጋድመው፤ አገዳው እንደ ቆጥ ይይዘዋል፣ ዛላው ውሃ አይነካም። ነዶውን ትንሽ አድርገው፣ በሁለት እጅ የሚጨበጥ ያህል፤ ትልቅ ነዶ መሃሉ አይደርቅም። ጭቃ ላይ ተሸክሞ መሄድ ሰውንም ፍሬውንም ስለሚጎዳ ነዶውን አሮጌ ሸራ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ላይ ጭናችሁ ጎትቱት፤ በጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ የረገፈውም ፍሬ እዚያው ላስቲኩ ላይ ይቀራል።

በዚያው ቀን መውቃት ካልተቻለ አትከምሩት። ዳገት ብሎ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ ከ8 እስከ 10 ነዶ ዛላውን ወደ ላይ አድርጋችሁ እንደ ጎጆ እርስ በርሱ አስደግፉት፣ በመሃል ንፋስ እንዲያልፍ። አንድ ሌሊት ያሳድራል፣ ከዚያ በላይ አትመኑት።

ሌላው፣ ሦስት ቦታ ለዩት፦ ቆሞ የነበረው ለብቻ፣ የተኛው ግን ውሃ ያልነካው ለብቻ፣ ውሃ የነካው ለብቻ። አንድ ኩንታል የጎነቆለ ሩዝ ከአስር ኩንታል ጥሩ ሩዝ ጋር ሲቀላቀል አስራ አንዱም በጎነቆለው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ውሃ የነካውን መጀመሪያ እጨድ፤ ሰዓት የሚሸሽበት እሱ ነው።

ቺንጋ በጣሽ
ስለ ማሽኑ እኔ ልበል። «ይገባል» ያለህ ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ከመግባቱ በፊት ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ይህን አጣራ 🙂

አርሲና ባሌ ስንዴ የሚያጭደው ባለ ጎማ ትልቅ ኮምባይነር ባዶውን ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ላዩ ላይ እህል ሲሞላ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ክብደት በአራት ጎማ ጥቁር አፈር ላይ ሲያርፍ ውሃ በቆመበት ይሰምጣል። ለሩዝ የሚሆነው እንደ ዶዘር በሰንሰለት የሚሄደው ትንሹ ነው፤ ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚከፋፈል ሰው በእግሩ ከሚጫነው የባሰ አይጫንም። እሱም ቢሆን ገደብ አለው። መለኪያዬ ቀላል ነው፦ በቦቲ ማሳው መሃል ቁም፣ ክብደትህን በአንድ እግር ላይ ጣል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሰመጥክና ቦቲው ሲወጣ «ጧ» ካለ ምንም ማሽን አታስገባ። እስከ ጫማው ተረከዝ ብቻ ከገባ የሰንሰለቱ ይሞከራል።

ከገባም ኦፕሬተሩን እነዚህን ተስማማ። የእህል መያዣውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልቶ ዳር ወጥቶ ያራግፍ። በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አይዙር፤ ሰንሰለት የሚያርሰው ሲዞር ነው። መቁረጫውን ከፍ ያድርግ፣ እርጥብ ገለባ ባነሰ ቁጥር ከበሮው (እየዞረ የሚወቃው ክፍል) አይታነቅም። የተኛውን ሩዝ ከተኛበት አቅጣጫ ተቃራኒ እየመጣ ይግባበት፣ አለዚያ ላዩን ረግጦት ያልፋል። ወንፊቱ በእርጥብ እብቅ ስለሚደፈን በየሰዓቱ አስቁሞ ይጥረግ፤ ካልጠረገ ፍሬው ከገለባው ጋር ከኋላ ይወጣል። ሃያ እርምጃ ከኋላው ሂድና ገለባውን እጅህ ላይ አራግፈህ እይ።

ከተቀበረ ደግሞ በትራክተር በችኮላ አትጎትቱ። ሽቦ ገመድ ሲበጠስ ሰው ይገድላል፤ ከገመዱ ርዝመት በላይ ሁሉም ይራቅ። የሚታሰረው ፋብሪካው ባበጀው መጎተቻ ላይ ነው፣ መቁረጫው ላይ ወይም አክሱ ላይ አይደለም።

ለ3 ጥማድ ግን የእኔ ምክር ማጭድና መውቂያ ማሽን ነው። መውቂያው ደረቅ ቦታ ላይ ይቁም፣ ነዶው ወደ እሱ ይምጣ። እርጥብ ሩዝ ስትወቃ ትልቁ ስህተት የከበሮውን ዙር፣ ማለትም ፍጥነቱን መጨመር ነው። ከበሮው ሲታነቅ ሰው ጋዝ ይረግጣል፤ ቺንጋው (ከበሮውን የሚያዞረው ቀበቶ) ይንሸራተትና ይጋላል፣ ፍሬው ደግሞ ይሰበራል። አጉራሹ በትንሽ በትንሹ፣ ዛላውን አስቀድሞ ያጉርስ። በሚወጣው ፍሬ ውስጥ ገለፈቱ የተላጠ ነጭ ሩዝ ካየህ ዙሩ በዝቷል፣ ቀንስ። ገለባው ላይ ፍሬ የያዘ ዛላ ከወጣ ወይ ዙሩ አንሷል ወይ ጉርሻው በዝቷል። እጅ ወደ ከበሮ አይገባም፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የታነቀ ገለባ አይነቀልም።

አውድማ
በበሬ ማበራየትን ማንም አላነሳም፣ ጥሩ ነው። በደረቅ ዓመት እንኳ ሩዝ ይሰብራል፤ በእርጥብ አውድማ ላይ ደግሞ ጭቃ፣ ጠጠርና እበት ይቀላቀልበታል፣ ጠጠሩም መፈልፈያውን ያበላሻል። ማሽን ካልተገኘ የእንጨት ርብራብ ወይም በርሜል በአግዳሚ አስቀምጡና ነዶውን ምቱበት፣ ከሥሩ ሸራ ዘርግታችሁ። እርጥብ ቢሆንም የደረሰ ፍሬ በአራት አምስት ምት ይረግፋል፤ አልረግፍ ያለው ገና ያልበሰለው ነው፣ እሱን ለቤት ለብቻ ያዙ።

የርብ ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። እርጥበት መለኪያ የለኝም፤ መድረቁን በምን ልወቅ? ነጋዴው «እርጥቡን እንዳለ እወስደዋለሁ» እያለም ነው።

ድህረ ምርት
በጨው ለካው። ክዳን ያለው ጠርሙስ፣ ውስጡ ፍጹም የደረቀ። ደቃቅ ጨው ምጣድ ላይ አመስ አድርገህ አቀዝቅዘው። የጠርሙሱን ሲሶ ሩዝ ሙላ፣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምር፣ አንድ ደቂቃ ናጠው፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጠው። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ መልሰህ አስጣ። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል። ለመፈልፈያና ለጥቂት ወራት ማከማቻ ከ13 እስከ 14 በመቶ ይፈለጋል፣ ስለዚህ ጨው መጣበቅ ካቆመ በኋላ ግማሽ ቀን ጨምርበት። ከሸራው መሃልና ከጥጉ፣ ከላይና ከታች ቀላቅለህ ውሰድ፤ ላዩን ብቻ ከለካህ ይዋሽሃል።

አሰጣጡ፦ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዘርጋ፣ በየግማሽ ሰዓቱ በመጥረጊያ እንጨት አገላብጥ፣ 10 ሰዓት ላይ ሰብስበህ ሸፍን። ከ2 ሳንቲ አታሳሳው፤ በጣም ከሳሳ ቀትር ላይ ይጋልና ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ግማሽ የደረቀ ሩዝ ላይ ዝናብ መውረዱ ነው። ደርቆ እንደገና ውሃ የጠጣ ፍሬ መፈልፈያ ላይ አይተርፍም። ስለዚህ ሰማዩን እያዩ የሚጠብቅ ሰው ከሸራው አይራቅ። የሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአስር ቀን ትንበያ ያወጣል፤ ዙሮቹን በእሱ አስላ።

እርጥቡን ስለመሸጥ፣ ሂሳቡን ይዘህ ተከራከር። 24 በመቶ እርጥበት ያለው 1 ኩንታል ወደ 14 ሲወርድ 88 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ስለዚህ ነጋዴው ከደረቁ ዋጋ 12 በመቶ ቢቀንስ ውሃውን ነው የቀነሰው፣ ማድረቂያ ድካሙንም ብትጨምርለት ያስኬዳል። ሲሶ ከቀነሰ ግን ሸራ መግዛት ይሻልሃል።

መፈልፈያ ቤት
አንድ ነገር ልጨምር። የተኛውና በዝናብ የተሰነጠቀው ሁሉ ለክክ ዋጋ ይሽጥ ማለት አይደለም። ያልሻገተና ያልጎነቆለ ከሆነ ቀቅሎ መፈልፈል ይቻላል። ገለፈቱ ሳይነሳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ለ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል። ከዚያ ውሃው ተንጠፍጥፎ ገለፈቱ ፈንጠቅ እስኪል በእንፋሎት ይበስላል። ከዚያ መጀመሪያ ጥላ ላይ፣ ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ስንጥቁ እንደ ሙጫ ይገጥማል፣ ስብራቱ በጣም ይቀንሳል። ቀለሙ ግን ቢጫነት ይኖረዋል፣ ነጭ ሩዝ ለሚፈልግ ገበያ አይሆንም፤ ገዢ ሳታገኝ አትጀምር። የሻገተውን ግን እንዲህ ልታድነው አትሞክር፤ የሻጋታ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ለከብትም ለዶሮም አትስጥ።

ዘር ከዚህ ማሳ የምትይዝ ከሆነ ቆሞ ከነበረውና ዳር ካለው ብቻ፣ በእጅ ተመትቶ፣ እስከ 12 በመቶ ደርቆ። አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት የምትጠቀሙም፣ ነቀዝ ይገድላል እንጂ እህል አያደርቅም። እርጥብ ከታችሁበት ውስጡ ይበሰብሳል።

ፈሰስ
ማሳው ላይ ያለውን ውሃ ሁሉም ዘለለው። ከማጨዱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ካለህ አንጣፍፈው፤ በደህናው ጊዜ ጥቁር አፈር ላይ ውሃው የሚለቀቀው አጨዳው 10 ቀን እና ከዚያ በላይ ሲቀረው ነበር። ክትሩን ከመቁረጥህ በፊት ግን ዱላ ተክለህ የውጭውና የውስጡ ውሃ የቱ ከፍ እንደሚል እይ። ወንዙ ሞልቶ የውጭው ከፍ ካለ ስትከፍት ይገባብሃል። የጣና ሙላት ከመስከረምና ጥቅምት በኋላ እየወረደ ስለሚሄድ ወደ ሐይቁ የተጠጋ ማሳ አንዳንዴ አንድ ሳምንት መታገስ ከመቆፈር ይሻለዋል፤ ዛላው ውሃ እስካልነካ ድረስ ብቻ።

የውስጡ ከፍ ካለ ከዝቅተኛው ጥግ ጀምረህ ወደ ላይ ቅደድ፣ በአካፋ ወርድ፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ጥልቀት። መሃል ላይ የሚያቋርጥ አንድ ቦይ ዙሪያውን ከሚዞር ይበልጣል። ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ከመልቀቅህ በፊት አነጋግረው፤ የእሱ ሩዝ ገና ካልታጨደ ችግርህን ነው የምታሻግርለት።

ሰዎቹ ቦቲ ያድርጉ። ያ የቆመ ውሃ ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፣ ከጭቃው ውስጥ ያለው አገዳም እግር ይወጋል።

የርብ ዳር
የውስጡ ከፍ ይላል፣ ነገ ቦዩን እቀዳለሁ። ገለባውስ? ሽምብራውስ?

አውድማ
ገለባውን ከመውቂያው ሥር ክምር አታድርገው፤ በአጥር ላይ ወይም በርብራብ ላይ ዘርጋው፣ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ አትከምር። የሻገተ ገለባ ከብት ይሸሸዋል፣ የበላውም ይታመማል።

ፈሰስ
ሽምብራን በረጠበ ጭቃ ላይ አትዝራ፣ ዘሩ ይበሰብሳል፣ የበቀለውም ሥሩ ይጠቁራል። አፈሩን ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንስተህ ጨብጠው፤ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ገና ነው፣ ሲፈረፈር እረስ። ህዳር እያለቀም ካልደረቀልህ ጓያ ይሻላል፣ እርጥበት ከሽምብራ በላይ ይችላል። እስከዚያ ከብት ለቃርሚያ አትልቀቅበት፤ በዚህ ጭቃ ላይ የረገጡት ሰኮና ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው የሚሆነው፣ በሬህ አይሰብረውም።