የአንድ ሰው ኩባንያ፦ ለነጋዴው ጥላ ነው ወይስ ለአበዳሪው ወጥመድ?

ብረት ሠሪው (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)፦ እስቲ ተከራከሩልኝ። በርና መስኮት የምሠራበትን ቤት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሳደርገው የ1952ቱ ንግድ ሕግ ነበር የሚሠራው። ያኔ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እህቴን በአንድ ሼር አስገባኋት። አሁን ቤይሩት ናት። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አንድ ቃል ልቀይር ስል የእሷ ውክልና ይጠበቃል። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ 1243/2013፣ ግን አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም ይችላል። ልቀይረው?

ላሜራ አቅራቢው (ሸዋ ሮቢት)፦ አትቀይር። ላሜራና ቱቦላሬ በዱቤ የምሰጠው እኔ ነኝ። የማምነው ሰውየውን ነው፣ ማኅተሙን አይደለም። አንዱ አምና ከሰርኩ ብሎ «ዕዳው የማኅበሩ ነው፣ እኔን አይመለከትም» አለኝ። ማኅበሩ ዘንድ ያገኘሁት አንድ አሮጌ የብየዳ ማሽንና ሁለት ወንበር ነው። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። በዚህ ብር ዛሬ ደህና በሬ ይገዛል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ደብረ ብርሃን)፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ቤይሩት ያለችው እህት ለእርስዎ ምን ዋስትና ሆነችልዎ? እሷም ተጠያቂ የምትሆነው ባዋጣችው ልክ ነው። ሁለት ሰው መኖሩ ከወረቀት አያልፍም።

ጠበቃው (ደብረ ሲና)፦ ይህ ጨዋታ አዲስ አይደለም። ለንደን ውስጥ ሳሎሞን የሚባል ጫማ ሠሪ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ሰባት አባል ሲጠይቀው ሚስቱንና አምስት ልጆቹን አንድ አንድ ሼር ሰጣቸው። ከ20,007 ሼር 20,001 የራሱ ሆነ። ኩባንያው ሲከስር አበዳሪዎች «እሱና ኩባንያው አንድ ናቸው» አሉ። ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1896 እ.ኤ.አ. «አይደሉም» ብሎ ፈረደ። ብረት ሠሪው በእህቱ ያደረገውም ያንኑ ነው። አዲሱ ሕግ ቢያንስ ድራማውን አስቀርቶታል።

ላሜራ አቅራቢው፦ ድራማው ቀረ፣ የእኔ ብርስ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ባንክ ሄደው ያውቃሉ? ብድሩን ለማኅበሩ ይጽፋል፣ ቤቱን ግን ከባለቤቱ ያስይዛል፣ የግል ዋስትናም ያስፈርመዋል። ስለዚህ ውስን ኃላፊነት የሚባለው ባንክን አይነካውም። የሚነካው እንደ እርስዎ በቃል የሚያበድረውን ነው። እኔ አንድ ሰውም ማቋቋሙን እደግፋለሁ። ግን ለዱቤ ሰጪው መከላከያ የሚሆን አንድ ነገር ቢጨመርበት እወድ ነበር።

ጠበቃው፦ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የማኅበሩን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ጋር የቀላቀለ ሰው መጋረጃው ይገለጥበታል። ፍርድ ቤት በግሉ ሊያስከፍለው ይችላል። ችግሩ ማስረጃ ነው። ጋሼ፣ ለዚያ ሰው ክፍያውን የከፈሉት ደንበኞች በማን አካውንት ነበር ያስገቡት? እሱን አጥንተዋል?

ላሜራ አቅራቢው፦ በማን እንደገባ ማን አጠናው!

ብረት ሠሪው፦ ኧረ ቆዩ። የእኔ ደንበኞችም በእኔ ቴሌብር ነው የሚልኩት። ለበር ቅድሚያ ክፍያ፣ ለቤት አስቤዛ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ማታ ላይ የቱ የማን እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንግዲያማ ሕጉን ከመቀየርህ በፊት አካውንቱን ቀይር። ለማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ክፈት፣ ደሞዝህን ከዚያ ውሰድ። ያለዚያ ባለአንድ አባል ሆንክ ባለሁለት፣ ጋሼ አንድ ቀን በቴሌብር ታሪክህ ፍርድ ቤት ያቆሙሃል። ያሸንፋሉም።

ላሜራ አቅራቢው፦ አሁን ገና ጆሮዬ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ግን ቱቦላሬ ሲወስድ በግሉም ይፈርምልኛል፣ እንደ ባንኩ።

ብረት ሠሪው፦ እሺ ጋሼ፣ እፈርማለሁ። ጠበቃው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ብቻዬን ሳቋቁም ብሞት የሚተካኝን ሰው ስም ጻፍ ይላል አሉ። እውነት ነው?

ጠበቃው፦ አዎ፣ ተተኪ መጠቆም አለብህ። ማንን አሰብክ?

ብረት ሠሪው፦ ማንን እጽፋለሁ... ያችኑ እህቴን ነዋ።