አገር ሲለያይ ስለ ነዋሪዎች መብት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፤ የረቂቅ ውይይት

ከጸሐፊው፣ ደሴ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በተስማማነው መሠረት ረቂቁን ጀምሬአለሁ። መነሻዬ አንድ ብሔር እስከ መገንጠል ያለው መብት እንዴት እንደሚፈጸም የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። ድንጋጌው የብሔሩን ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚደረገውን ሕዝበ ውሳኔ፣ የሥልጣን ርክክቡንና የንብረት ክፍፍሉን ሳይቀር ሲዘረዝር፣ ሌላ ቦታ ተወልዶ በሚገነጠለው ምድር ስለሚኖር ሰው ግን አንድም ቃል አይናገርም። ንብረቱ ታስቦ ሰው መዘንጋቱ እጅግ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የእነዚህ ነዋሪዎች ዜግነት ከድምፅ አሰጣጡ አስቀድሞ በሕግ ይወሰን የሚል ሐሳብ አስፍሬአለሁ።

ከኮምቦልቻ አባል፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎን እደግፋለሁ፤ ዜግነት ብቻውን ግን አይበቃም። አባቴ በ1960ዎቹ ከባቲ ተነሥቶ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ እየተሸከመ ነው ያሳደገን፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኤርትራ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 21፣ እ.ኤ.አ. በ1933 በኤርትራ ነዋሪ ከነበረ አባት ወይም እናት የተወለደውን በትውልድ ኤርትራዊ ሲያደርገው፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ወዲህ የገባውን ግን ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ እንዲያመለክት ያዝዛል። አባቴ አላመለከተም። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የለበስነውን ብቻ ይዘን ወጣን። አባቴ ቤቱን የቆለፈበት ቁልፍ ጥርሱ ዝጎ ዛሬም በእናቴ መቀነት ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። በረቂቁ ውስጥ ቤትና የጡረታ መብትም ይግቡልን።

ደግሞም የራሳችንን በደል ብቻ ካነሣን ሐሳባችን ጎዶሎ ይሆናል። እዚህ አገር የኖሩ ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ለኤርትራ ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ያው ምዝገባ የኤርትራ ዜግነት ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸውና ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ጥለው ተባረሩ። ይህንን ዘለን ማለፍ የለብንም።

ከጸሐፊው፦
እኅቴ፣ ልክ ነዎት፤ አንቀጹን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ "ለሕዝበ ውሳኔ መመዝገብም ሆነ ድምፅ መስጠት ብቻውን ነባር ዜግነትን እንደመተው አይቆጠርም።" የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንዳይገፈፍ ስለሚደነግግ ጥሩ ድጋፍ ይሆነናል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ ግን ነዋሪው ሳይዋከብ የሚመርጥበት ጊዜ መጠየቅ አለብን፤ እኔ አምስት ዓመት እላለሁ፣ ሁለት ይበቃል ያሉም አባላት አሉ።

የቤት ካርታ ወይም የግብር ደረሰኝ ያላችሁ ቅጂውን ለቀጣዩ ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ከቁልፍ በቀር ምንም ያልቀረው ቤተሰብ በምን ያስረዳ የሚለውን ገና አልቋጨነውም፤ የሦስት ጎረቤቶች ምስክርነት ይበቃል ብለን እንጻፍ?