መድኃኒት ይዞ ጠበል መግባት የእምነት ማነስ ነው ወይ?

የደሴዋ፦
የወሎ ልጆች፣ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየጠበሉ በር ላይ «ከሐኪም የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቋርጡ» የሚል ሰሌዳ ይሰቀል። አምባሰልም ይሁን ላስታ፣ ጠበል ባለበት ሁሉ። የሰፈራችን ልጅ የቲቢ መድኃኒት እየወሰደ ነበር። ሳሉ ቀለል ሲልለት አንድ አጥማቂ «ካመንክ ተወው» አሉት፤ ተወው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ተህዋሲው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። አሁን ከበፊቱ የከበደ ሕክምና ላይ ነው። በጠበል ላይ ጥያቄ የለኝም፣ እኔም እጠመቃለሁ። «ካመንክ ተወው» ማለት ግን ክርስትና ነው?

የአምባሰሉ፦
እታለም፣ ልጁን እግዜር ይማረው። ሰሌዳው ግን አልተዋጠልኝም። ማርቆስ ምዕራፍ 5ን አንብቢው። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች ጨረሰች፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። የጌታን ልብስ ነክታ ዳነች፣ «እምነትሽ አድኖሻል» ተባለች። ንጉሥ አሳም እግሩን ሲታመም እግዚአብሔርን ትቶ ባለ መድኃኒቶችን በመፈለጉ ተወቅሷል። ሰው ስንት ዳገት ወጥቶ ሲደርስ በሩ ላይ «ኪኒንህን እንዳትረሳ» ካልነው፣ «ላይሆንልህ ይችላል» እያልነው አይደለም?

የሐይቁ፦
ወንድሜ፣ የአሳ ጥፋት ሐኪም መጥራቱ ሳይሆን እግዚአብሔርን መተዉ ነው። ሕዝቅያስ ሲታመም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዟል። ጸሎቱም ነበረ፣ በለሱም ነበረ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ደግሞ ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ሲራክን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥረን በዚህ ጊዜ ብቻ እንርሳው? ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ያለቀ ነገር ነው።

የአምባሰሉ፦
አላለቀም። እብራውያን 11 እምነትን ሲተረጉም «ተስፋ ስለምናደርገው ነገር የሚያስረግጥ» ነው ያለው። ያረጋገጠ ሰው መጠባበቂያ አይዝም።

የወልዲያው፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ይቺ ነገር በእኛም ቤት አለች። ጠበል የለንም እንጂ «ተፈውሰሃል፣ አሜን በል» የሚል ሞልቷል። ያልተፈወሰው ደግሞ እምነት ጎደለህ ይባላል። በሽታው ሳያንስ ጥፋተኛም ይሆናል።

አምባሰል፣ ያንኑ እብራውያን 11ን እስከ መጨረሻው አንብበው። በእምነት የአንበሶችን አፍ የዘጉ አሉ። እዚያው ላይ ደግሞ የተወገሩ፣ በመጋዝ የተሰነጠቁ አሉ። ስለ ሁሉም የተጻፈው አንድ ነው፤ በእምነታቸው ተመስክሮላቸው የተስፋውን ቃል ግን አላገኙም። ውጤት ያላየ እምነት የለውም ካልን እነዚህን የት እናስገባቸው? ጳውሎስ እንኳ ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው። ጥሮፊሞስንም ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል። ጳውሎስ እምነት አነሰው እንበል?

የደሴዋ፦
ሠለስቱ ደቂቅን ጨምርበት። በታኅሣሥ ገብርኤል በየዓመቱ የምንሰማው ታሪክ ነው። እቶኑ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ወዲያው ግን ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። እኔ እምነት የምለው ያቺን «ባያድነንም» ነው። ያመኑት እርሱን እንጂ ከእሳት መውጣታቸውን አይደለም። ተስፋም እንዲሁ ነው፤ ሮሜ 8 ላይ «የሚያየውንማ ማን ተስፋ ያደርገዋል?» ይላል። ውጤቱን እንደማያውቅ ሰው መኖር ክህደት አይደለም። ኪኒን የዋጠ ሰው ምኑን ካደ?

የቦርከናው፦
በእናንተ ጉዳይ አልገባም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። እኛም ጋ ሩቅያ (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ ፈውስ) እና የዘምዘም ውኃ ይዞ ሐኪም የሚሸሽ አለ። ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው «እሰራትና ተመካ» ነው ያሉት። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። ደግሞ እናንተ ጠበል ላይ የእኛ ሰው እንደሚመጣ አትርሱ፤ ሰሌዳው ለእኛም ነው።

የአምባሰሉ፦
ጥቅስ በዛብኝ፣ እሺ። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ያ ሁሉ በሽተኛ የት ነበር? ዘመድ ዕቃውን ለይቶበት፣ አከራይ አስወጥቶት፣ ሐኪም ቤቱ «የምናደርግልህ የለም» ብሎት የት ሄደ? ጠበል ነው የሄደው። እዚያ ስሙ የተጠራው፣ ዳቦ የተካፈለው፣ ሲሞትም የተፈታው እዚያ ነው። ያኔ ጠበሉን በር ላይ የሚቆጣጠር አልነበረም። አሁን ሐኪም ቤቱ አቅም ሲያገኝ ሰሌዳ ይዞ ይመጣል? ሰው የሚቀየመው ለዚህ ነው። ነገሩ የእምነት ብቻ አይደለም።

የኮምቦልቻዋ፦
ነርስ ነኝ። አምባሰል ያሉት እውነት ነው፤ መሸማቀቅ አለብን። ግን ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ሳያቋርጥ ሊጥል ይችላል፤ ይገድላልም። የኤችአይቪው ሲቆም ቫይረሱ ይመለሳል። የምንቀበላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስለ እምነት የተከራከሩ አይደሉም። ጠበል የሚጠጣው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፣ ኪኒኑ ሰዓቱ ተምታታባቸው፣ ለመጠየቅ አፈሩ። በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ሐኪም አማክሮ ወደ ማታ ማዞር የሚቻል ነገር ነው። እኔ ከሰሌዳው ይልቅ የሚጠየቅ ሰው እዚያ ቢኖር እመርጣለሁ።

የደሴዋ፦
ሰውም ሰሌዳም ይኑር። አምባሰል፣ ቅሬታህ ገብቶኛል። ግን የትናንቱ ቅሬታ የዛሬውን ልጅ ኪኒን አያስጥልም።

የአምባሰሉ፦
እንግዲያው «አታቋርጡ» የሚለው ይቅር። «ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይጻፍ።

የደሴዋ፦
«አታቋርጡ» ካልተባለማ ምኑን ተጻፈ? ያ አጥማቂም እኮ «የእግዚአብሔር ነው» ይላሉ፤ ብለውም መድኃኒቱን ያስጥላሉ።

የሐይቁ፦
ሰበካ ጉባኤው ሳያውቅ አንድም ነገር አይሰቀልም። ሁለቱንም ጽፌ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ እነሱ ይምረጡ።

የአምባሰሉ፦
የእኔን ከላይ ጻፈው።