የዲሲ ሐበሻ ወጣቶች መጠይቅ፦ ክብደቱ ናሙናዬን እየበላው ነው

ሰላም ለሁላችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ከ18 እስከ 28 ዓመት ለሆኑ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ስለ ምግብና ልብስ ግዢ መጠይቅ ተበትኖ ሁለት ቦታ ላይ ተጣብቄያለሁ።

አንደኛው ናሙናው ነው። 240 ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛው የመጣው በቴሌግራም ግሩፕና በቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አሜሪካ ተወልደው በእንግሊዝኛ የሚሞሉት አነሱ። ናሙናው ሕዝቡን እንዲመስል በዕድሜ፣ በፆታና በትውልድ አገር ክብደት ሲሰጥ፣ ከጎደሉት ወገኖች አንዳንዱ እንደ 6 ሰው ይቆጠራል። የክብደቶቹ ድምር በራሱ ተባዝቶ ለስኩዌሮቻቸው ድምር ሲካፈል የሚወጣው 100 ነው፤ ማለትም 240ው ሰው የሚሰጠው መረጃ የ100 ሰው ያህል ብቻ ነው። ናሙናው በዕጣ ባይሆንም ለግምት ያህል፣ የስህተት ህዳጉ (ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ከ6.3 ወደ 9.8 የመቶኛ ነጥብ ዘለለ ማለት ነው። ክብደቱን 4 ላይ ልቁረጠው ወይስ የዕድሜ ክፍሎቹን ላጣምር? ማን መሙላት እንደሚችል የሚለየው የማጣሪያ ጥያቄ ደህና ነው፤ የ2020 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እንዳደረገው “ጥቁር” ከሚለው ሥር “ኢትዮጵያዊ” ብሎ መጻፊያ አለው።

ሁለተኛው ቋንቋው ነው፤ ይሄ ይብሳል። “ለብራንዱ ታማኝ ነዎት?” ሲባል ሰው ሐቀኝነቱን የተጠየቀ ይመስለዋል፣ በአማርኛው ቅጽ ሁሉም ከፍተኛውን መልስ፣ 5ን ይመርጣል። “ካለፉት አምስት ግዢዎችዎ ስንቱ ከዚሁ ብራንድ ነበር?” ቢባል ይሻላል፤ ግን እስካሁን ከተሰበሰበው ጋር አይወዳደርም። ድልድይ እንዲሆን ለ50 ሰው ሁለቱንም ማቅረብ ይበቃል?

“እርስዎ” ደግሞ ለ19 ዓመት ልጅ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። “ትገዛለህ/ትገዣለሽ” እያሉ መጻፍ በስልክ ስክሪን ላይ ዓይን ያደክማል። ፆታን መጀመሪያ ጠይቆ ቅጹን ለሁለት የከፈለ ካለ፣ ሰው ስንተኛው ጥያቄ ላይ እንደሚያቋርጥ ቢነግረኝ።