«ዌርፎር» ማለት «የት» አይደለም እንዴ? የድሮ እንግሊዝኛ የምታውቁ እርዱኝ

የማታ ሹፌር (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሮሚዮና ጁልየትን እያነበቡ ነው። ጁልየት ሰገነት ላይ ሆና «ዌርፎር አርት ዛው ሮሚዮ» ትላለች። ምን ማለት ነው ስትለኝ ሳላቅማማ «ሮሚዮ የት ነህ» አልኳት። በቀይ ተሰርዞ መጣ። አሁን እንግሊዝኛ ሲከብዳት አልፋኝ ወደ እናቷ ነው የምትሄደው።

ሌላም አለ። ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ኪንግ ጄምስ የሚባለውን መጽሐፍ ቅዱስ ሰጡኝ። በየመስመሩ ዛው፣ ዚ፣ ዪ ነው። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ እንቅልፌ ይመጣል። አቋራጭ የለውም?

መምህር ከደሴ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱትም ይስቱታል። ዌርፎር «ለምን» ነው። ጁልየት እየፈለገችው አይደለም፤ እታች ቆሞ እንደሚሰማትም አታውቅም። ያንገበገባት ስሙ ነው። እሷ ከካፑሌት ቤት፣ እሱ ከሞንታግ ቤት፤ ደመኞች ናቸው። «ምነው ሮሚዮ ባልሆንክ» እንደማለት ነው። የሚቀጥለውን መስመር ለልጅህ አሳያት፦ አባትህን ካድ፣ ስምህንም ተው ትለዋለች። የት ነህ ብላ የምትጣራ ሰው እንዲህ አትልም።

ገብስማ፦ ዛው የአክብሮት ቃል ነው። ለእግዚአብሔር የሚሉት ለዚያ ነው።

ሮዛ ዘ ፒያሳ፦ @ገብስማ ተገላቢጦሽ ነው። በሼክስፒር ዘመን ዛው ለልጅ፣ ለወዳጅ፣ ለአሽከር የሚባል «አንተ» ወይም «አንቺ» ነበር። «እርስዎ» የነበረው ዩ ነው። እኛስ አባታችን ሆይ ስንል «ስምህ ይቀደስ» አይደል የምንለው? «ስምዎ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ኪንግ ጄምስ ላይ ደግሞ ይቀላል። ዛውና ዚ ለአንድ ሰው፣ ዪና ዩ ለብዙ ነው፤ ክብር የለ፣ ንቀት የለ። ሉቃስ 22፥31ን ክፈት። ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ ይላል፤ እንግሊዝኛው ዩ ነው፣ ሁሉንም ሐዋርያት። ወዲያው ስለ አንተ አማለድሁ ይላል፤ እዚህ ዚ ሆነ፣ ጴጥሮስ ብቻ። የዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱንም ዩ ስለሚል ልዩነቱ ይጠፋል። አማርኛችን ግን አልጣለውም።

ያረጋል፦ እኔን ያስቸገሩኝ እንግዳዎቹ ቃላት አይደሉም። እነሱን አላውቅም ብለህ ትፈልጋለህ። ጉድ የሚሠሩህ የምታውቃቸው የሚመስሉህ ናቸው። ሌት ዛሬ «ፍቀድ» ነው፤ 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ ግን «መከልከል» ነው፣ ፍጹም ተቃራኒው! ፕሪቬንት ዛሬ «መከላከል» ነው፤ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ግን «መቅደም» ነው። ሰፈር (መንደር እንዳይመስላችሁ፣ መሠቃየት የምንለው ነው) «ሕፃናትን ተዉ፣ ይምጡ» የሚለው ቦታ ላይ «ፍቀዱ» ነው። ሚት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ምግብ ነው፤ ዛሬ ፈጣን የምንለው ኩዊክ ደግሞ ሕያው።

የኔ ዘዴ፦ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርጋ። «አንቀድምም»፣ «የሚከለክል» ብሎ ቁጭ አድርጎልሃል። መዝገበ ቃላት ባትነካም ትወጣዋለህ።

መምህር ከደሴ፦ ያረጋል ያልከው ይጨመርበት። ለልጅቷ ግን ከታች ማብራሪያ ያለው እትም ግዛላት። ሼክስፒርን ያለ ማብራሪያ ማንበብ ራስን መቅጣት ነው።

የማታ ሹፌር (ጠያቂ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሉቃስን ከፈትኩት፣ እውነትም! አንድ የመጨረሻ። እዚህ አንድ ሱቅ በር ላይ «ዪ ኦልድ» የሚል ተጽፏል። እሱም «እናንተ» ነው?

ሮዛ ዘ ፒያሳ፦ 😂 አይደለም። ድሮ «ዝ» የሚለውን ድምፅ የሚጽፉበት ቶርን የሚባል ፊደል ነበራቸው። በእጅ ሲጻፍ ከዋይ ጋር እየተመሳሰለ መጣ፤ አታሚዎችም በዋይ ተኩት። ስለዚህ ያው ተራው «ዘ» ነው፣ «ዘ ኦልድ» ብለህ አንብበው።

የማታ ሹፌር (ጠያቂ)፦ ይቺን ለልጄ ነገርኳት። ስልኳን አውጥታ አጣራች። ከዚያ ምንም ሳትል የነገውን የቤት ሥራ ይዛልኝ መጣች።