በጣና ፎቶ ጠርዝ ላይ የገባው ደንገል

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዳርቻ ማምሻውን ያነሣሁት ታንኳ ጥሩ ወጥቷል፤ ነገር ግን በቀኝ ጠርዝ የገባው ደንገልና ከኋላ የሚታየው ነጭ የሞተር ጀልባ ዓይንን ይሻማሉ። ልቁረጣቸው ወይስ በፎቶሾፕ ላጥፋቸው?

መልስ አንድ፦ ታንኳው ወደ ግራ የሚቀዘፍ ከሆነ ደንገሉን ከቀኝ መቁረጥ ይበቃል፤ ከፊቱ ያለውን ውኃ ግን አይንኩት፣ መሄጃ ያጣ ይመስላል።

መልስ ሁለት፦ ጀልባውን ማጥፋት አልደግፍም፤ ነጸብራቁ ውኃው ላይ ከቀረ ያጋልጣል። ዓይን አስቀድሞ ወደ ደማቁ ቦታ ስለሚሄድ፣ የጀልባውን ብርሃን ብቻ በመጠኑ ቢያደበዝዙት ከበስተጀርባው ጋር ይዋሓዳል።

መልስ ሦስት፦ እኔን ይበልጥ የረበሸኝ፣ ማንም ባያነሣውም፣ የአድማሱ መስመር በቀዛፊው አንገት ላይ ማለፉ ነው። ይህ በኋላ በቀላሉ አይታረምም፤ ሲያነሡ በርከክ ብለው ካሜራውን ወደ ውኃው ቢያስጠጉት የቀዛፊው ራስ ከመስመሩ በላይ ሰማዩ ላይ ጎልቶ ይወጣል።